ጎረቤቴ ያመጣችልኝ ምስር ውስጥ አሳማ አለበት፤ ምን ልበላት?

እንግዳዋ፦ ሰላም ወገኖች። ከፓሪስ ወጥተን ለ ፑይ አን ቨሌ አጠገብ ያለ ገጠር ከገባን ሁለት ወራችን ነው። ትናንት ጎረቤቴ፣ ሰባ ዓመት የሚሆናት ሴትዮ፣ ትኩስ ምስር በሸክላ ሳህን ይዛልኝ መጣች። ደስ ብሎኝ ክዳኑን ስከፍት ከላዩ ወፍራም የአሳማ ሥጋ ተጋድሟል። አመስግኜ ተቀበልኩና ፍሪጅ ውስጥ ደበቅኩት። እኛ አሳማ አንበላም። ሳህኑን ምን ብዬ ልመልስ? እዚህ ለእኛ የሚሆን ምግብስ ምን አለ? እንጀራስ?

የሊዮኗ፦ ያ «ፕቲ ሳሌ ኦ ላንቲ» ይባላል። ምርጧን አብስላ ነው ያመጣችልሽ፣ አትቀየሚያት። ሳቅ ብለሽ «ዥ ን ማንዥ ፓ ደ ፖር» (አሳማ አልበላም) በያት፣ አለቀ። ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት ስትገቢ «ላርዶን» የሚለውን ቃል እወቂው፤ የተከተፈ አሳማ ነው፣ ሰላጣ ውስጥ ሳይቀር ይገባል።

እማማ ጥሩ፦ ልጄ፣ ሳህኑን ባዶውን እንዳትመልሺ! ያለሽበት አገር እኮ የምስር አገር ነው። የለ ፑይ አረንጓዴ ምስር በእሳተ ገሞራ አፈር ላይ የሚበቅል ነው፤ ከ1996 ጀምሮ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው። ቅዳሜ ገበያ ወርደሽ ግዢ። አዝፋ ሥሪላት። ምስሩ ሳይፈርስ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ቀቅለሽ አጥልዪው፣ ሲበርድ ግማሹን ደቆስ አድርጊው። ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ዘይት፣ ቃሪያ። ሰናፍጭ ከሌለሽ የዲዦን ሰናፍጭ አለ፣ አፍንጫን እንደኛው ይሰነፍጣል። ጾምም ይሆንሻል።

ብሬታኝ ነዋሪ፦ ስለ እንጀራ እኔ ልንገርሽ። የጤፍ ዱቄት «ማጋዛን ቢዮ» (የኦርጋኒክ ምግብ ሱቅ) ይገኛል፣ ግን ዋጋው ያስደነግጣል። እኔ «ሳራዛን» ከሚባለው ጥቁር ዱቄት ጋር እቀላቅላለሁ። እዚህ ብሬታኝ ከእሱ «ጋሌት» የሚባል ስስ ቂጣ ይጋግራሉ፤ ዱቄት፣ ውኃና ጨው ብቻ ነው። ስትገዢ ግን «ኮምፕሌት» አትበዪ፤ ካም (የአሳማ ሥጋ) እና እንቁላል ከነአይቡ ይጭኑበታል። በክረምት ሊጥሽ አልቦካ ካለ እንጨት ምድጃው አጠገብ አሳድሪው። የኔ አንዴ ሦስት ቀን ዝም ብሎኝ ነበር 😂

የአቬሮኑ፦ በፍስክ ከሆነ አሊጎ ቅመሽ! ድንች፣ ገና ያልቆየ አይብ፣ ቅቤና ነጭ ሽንኩርት አብረው እስኪመዘዙ ይማሰላሉ። ማማሰያውን ስታነሺው ክሩ አይበጠስም። ማማሰሉ ገንፎ እንደማገንፋት ክንድ ይጠይቃል። ሌላው፣ ሱቅ ከ12 እስከ 2 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር ይዘጋል፣ ሰኞም ብዙው አይከፍትም። ስትገቢ ደግሞ ከሁሉ በፊት «ቦንዡር» ነው። ሳይሉት ዕቃ መጠየቅ እዚህ እንደ ስድብ ነው።

የሊዮኗ፦ እግረ መንገድሽን እዚያው ለ ፑይ ድንጋይ አናት ላይ ያለውን ሚካኤልን ተሳለሚው፣ 268 ደረጃ ነው። የኛን ዐለት ላይ ያሉ ገዳማት ያስታውስሻል።

እንግዳዋ፦ አዝፋውን ይዤ ሄድኩ! አሳማ እንደማንበላ ስነግራት ግንባሯን መታ አድርጋ «ብትነግሪኝ ኖሮ!» አለች። ቆማ በሻይ ማንኪያ ጀመረችው፣ ቃሪያው ሲደርስባት ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ግን ማንኪያውን አላስቀመጠችም። ሳህኑን አስቀረችው፤ ማክሰኞ ያለ ሥጋ ሠርታ ልታመጣ ነው። እማማ፣ ቃሪያዬ ግን አለቀ። እዚህ ገጠር ከየት ይገኛል?