የሞስ ዛፌ ተንሳፈፈ፣ ውሃውም ቀላ፤ ምን ላድርግ?

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። 60 ሊትር የምትይዝ አኳሪየም አለችኝ። መሀሏ ላይ ዛፍ ላቆም ብዬ ቅርንጫፍ ያለው፣ ውሃ የበላው እንጨት አገኘሁና ጫፍ ጫፉን ጃቫ ሞስ (ውሃ ውስጥ የሚያድግ ለስላሳ አረንጓዴ ተክል) በክር ጠቅልዬ አስገባሁት። ምን ዋጋ አለው! በማግስቱ ተንሳፈፈ፣ ድንጋይ ጫንኩበት። በሦስተኛው ቀን ውሃው ቀይ ሻይ መሰለ። አሁን ደግሞ እንጨቱን ነጭ ንፍጥ የመሰለ ነገር ወርሶታል፣ ሞሱም ውስጡ እየጠቆረ፣ እየተበጣጠሰ ፊልተሩን ይደፍናል። ዓሦቹ ደህና ናቸው። ልጣለው ወይስ ይድናል?

ውሃ ወዳድ፦ ኧረ እንዳትጥለው! ይሄ ሁላችንም ላይ የደረሰ ነው። ውሃውን ያቀላው ታኒን ነው፣ ከእንጨቱ የሚወጣ። ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ) ትንሽ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል እንጂ ዓሣ አይገድልም። ነጩ ነገርም ከእንጨቱ የሚወጣውን ምግብ እየበላ የሚያድግ ፈንገስና ባክቴሪያ ነው፣ በጊዜ ራሱ ይጠፋል። አንተን የጎዳህ ችኮላ ነው። ሞሱን ላጥና እንጨቱን አንድ ሁለት ሰዓት ቀቅለው (ምግብ በማትሠራበት ድስት!)፣ ከዚያ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፈህ በየቀኑ ወይ በየሁለት ቀኑ ውሃውን ቀይርለት። ድንጋይ ሳትጭንበት ራሱ ሲሰምጥ ደርሷል ማለት ነው። አንዳንዱ በሳምንት፣ አንዳንዱ ከወርም በላይ ይፈጃል።

ቀይ ሽሪምፕ፦ ነጩን ነገር የኔ ሽሪምፖች እንደ ግብዣ ነው የሚቆጥሩት፣ ሙልጭ አድርገው ይበሉታል። ሽሪምፕ ከሌለህ በጥርስ ብሩሽ ፈትገው። ሞሱ የጠቆረው ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ አወፍረህ ጠቅልለኸዋል። ብርሃንም ውሃም ወደ ውስጥ አይደርስለትም። በመቀስ አንድ ሁለት ሴንቲ እያደረግህ ከትፈውና እንጨቱ በመሀል በመሀሉ እስኪታይ ድረስ ስስ አድርገህ አልብሰው። መጀመሪያ ላይ ራሰ በራ ይመስላል፣ አትደንግጥ።

ባለ ወረንጦ፦ ክሩን እርሳው፣ በሱፐር ግሉ አጣብቀው። ሳያኖአክሪሌት የሚል የተጻፈበትን፣ ጄል የሆነውን ምረጥ፤ ፈሳሹ እጅህን ከእንጨቱ ጋር ነው የሚያጣብቀው። እንጨቱን በጨርቅ አድርቅ፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ አድርግ፣ ሞሱን በወረንጦ ጫን ጫን አድርገው። ግሉ የነካው ሞስ ስለሚሞት ብዙ አትቀባ።

ውሃ ወዳድ፦ እኔ እንኳ በግሉ አልስማማም፣ ያነጣና ለወራት ጎልቶ ይታያል። ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር ይሻላል። የጥጥ ክር ግን ለጃቫ ሞስ አይሆንም። ሞስ እውነተኛ ሥር የለውም፣ በቀጫጭን ፀጉር መሳይ ነገሮች ነው እንጨት የሚይዘው፣ ጃቫ ደግሞ አያያዙ ልል ነው። እሱ ሳይይዝ ክሩ በስብሶ ይበጠሳል።

ባለ ወረንጦ፦ ያነጣው ሞሱ ሲያድግ ይሸፈናል ወዳጄ 😄 ለማንኛውም ክሪስማስ ሞስ ካገኘህ እሱን ውሰድ። እድገቱ ዘገምተኛ ነው፣ ግን ቅጠሉ ወደ ታች ስለሚዘነፈል ቁርጥ ዛፍ ነው የሚመስለው።

ጀማሪው፦ እናመሰግናለን! አንድ ችግር ግን አለ፤ የኔ እንጨት ቅርንጫፉ ሦስት ብቻ ነው። ዛፍ ሳይሆን መንሽ ነው የሚመስለው።

ቀይ ሽሪምፕ፦ ሃሃ፣ ገልብጠው! ብዙ ጊዜ የምናገኘው እንጨት ሥር ነው፤ ሥሩን ወደ ላይ ስታደርገው ቅርንጫፍ ይሆንልሃል። ካልበቃህ ቀጫጭን ጭራሮ ጨምርበት። መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ጥጥ አድርገህ ግሉ ስታንጠባጥብበት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል (ጥጡ ሲጠጣው ይግላል፣ ያጨሳልም፣ ጣትህን አርቅ)። ጭራሮው ግን በደንብ የደረቀ፣ ልጡ የተላጠ፣ መድኃኒት ያልተረጨበት ይሁን። ጥድና ሙጫ ያለው ዛፍ ሁሉ አይሆንም። ሞሱን ደግሞ ከቅርንጫፎቹ አናት ላይ ብቻ አድርግ፣ ግንዱን ራቁቱን ተወው። ግንዱን ካለበስከው ዛፍነቱ ቀርቶ ቁጥቋጦ ይሆናል።

ባለ ወረንጦ፦ እንዳይወድቅ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ በማይዝግ ብሎን እሰርለትና በአሸዋ ሸፍነው። መብራቱን በቀን ለ6 ወይ ለ8 ሰዓት ያህል ብቻ አብራ፣ ከዚያ ካለፈ አልጌ ሞሱ ውስጥ ይገባና እሱን መልቀም ሥራ ይሆንብሃል። ስትከረክመው ፊልተሩን አጥፋ፣ የወደቀውንም በቱቦ ሳበው፤ አለዚያ እያንዳንዷ ቁራጭ ያረፈችበት ትበቅላለች። ጎልድፊሽ ካለህ ግን በከንቱ አትድከም፣ ነቅሎ ነው የሚበላው።

ጀማሪው፦ ጎልድፊሽ የለኝም። እንጨቱ አሁን ድስት ውስጥ ነው፣ ቤቱ የረጠበ ጫካ ጫካ ይሸታል። እስኪደርስ ሞሱን የት ላቆየው?

ውሃ ወዳድ፦ ብርጭቆ ውስጥ፣ በራሱ በአኳሪየሙ ውሃ። መስኮት አጠገብ አድርገው፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ አያግኘው። ውሃውን በየሳምንቱ ቀይር። የጠቆረውን ዛሬውኑ ቆርጠህ ጣል፣ የተረፈው አረንጓዴ ይበቃሃል።