«መንፈግ» ገባኝ፤ ሁለተኛውን ግሥ ግን ምን ልበለው?

ተርጓሚዋ፦ ለዜግነት ፈተና ለሚዘጋጁ አረጋውያን የ1965ቱን የአሜሪካ የመምረጥ መብት ሕግ አንቀጽ 2 እየተረጐምሁ ነው። «ማንም ግዛት የዜጋን የመምረጥ መብት በዘር ወይም በቀለም ምክንያት አይነፍግም፣ አያሳጥርም» ብዬ ብጽፍ እናቴ «መብት እንደ ቀሚስ ያጥራል እንዴ?» አለችኝ። ለእንግሊዝኛው «abridge» ማጥበብ፣ ማጉደል ወይስ መሸራረፍ ይሻላል?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ከሁሉ በፊት ፊደሉ ይጥራ። በአማርኛ «አጠረ» ብለን ያዋሐድነው በግእዝ ሁለት ነው፤ በብዙኃኑ ኀ «ኀጸረ» ቁመት አነሰው፣ በሐመሩ ሐ «ሐጸረ» ደግሞ አጥር አጠረ ማለት ነው። የአሜሪካ ደቡብ ሹማምንት መብቱን አላሳጠሩትም፤ አጠሩት።

ሞክሼ ጠሉ፦ እንግዲያው ዘኬዎስን በሐመሩ ሐ የጻፈ ሰው ሾላው ሥር አጥር አቁሟል ማለት ነው።

ጠበቃው፦ የኔታ ይፍቀዱልኝና፣ አጥር ፈጽሞ የሚከለክል ከሆነ መንፈግ ብቻ በበቃ ነበር። ሁለቱም ግሦች እ.ኤ.አ. በ1870 በጸደቀው 15ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ውስጥ ነበሩ፤ ሆኖም ግዛቶቹ «ጥቁር አይመርጥም» ብለው ሳይጽፉ የምርጫ ግብር ክፈል፣ ሕገ መንግሥት አንብበህ ተርጉም እያሉ ለአሥርት ዓመታት ዘለቁ። ሰልማ ከተማ መቀመጫው በሆነችው በአላባማው ዳላስ አውራጃ የመራጮች መዝገብ የሚከፈተው በወር ሁለት ሰኞ ብቻ ስለ ነበር፣ ለመምረጥ ከደረሱት 15 ሺህ ገደማ ጥቁሮች የተመዘገቡት 300 ያህል ነበሩ። በሩ ይከፈታል፤ ወረፋው ግን አይደርስም። ስለዚህ እኔ «ማጥበብ» እላለሁ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ተርጉም ካሉማ ነገሩ ወደ እኛ ቤት መጣ። በሚሲሲፒ ትርጓሜው መቅናቱን የሚፈርደው መዝጋቢው ራሱ ነበር፤ ለነጩ አንድ «አንድም» ይበቃዋል፣ ለጥቁሩ ግን አንድምታው አያልቅም። እንዲህ ያለውን ጉባኤ ቤት «ማጥበብ» ማለት ማሞካሸት ነው።

ጠበቃው፦ ያ ጉባኤ ቤት የተፈታው በዚሁ ሕግ ነው። መጋቢት 7 ቀን 1965 መብቱን የጠየቁ ሰልፈኞች በሰልማው ኤድመንድ ፔተስ ድልድይ ላይ በፖሊስ ተደበደቡ፤ በስምንተኛው ቀን ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሕጉ እንዲወጣ ኮንግረሱን ጠየቁ፤ ነሐሴ 6 ቀን ፈረሙት። በሚሲሲፒ የተመዘገቡ ጥቁሮች በሁለት ዓመት ውስጥ ከመቶ 7 ከማይሞሉበት ወደ 60 ገደማ ደረሱ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የኔታ እንዳይቈጡ።

ሞክሼ ጠሉ፦ «መሸራረፍ»ስ ለምን ተናቀ? ጋዜጣው ሁሉ «መብት ተሸራረፈ» ይላል።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ የሚሸረፈው ጥርስና ጀበና ነው። የተሸረፈ ጀበና ቡናውን ይቀዳል፤ ሰልማ ላይ ግን የተቀዳ ነገር አልነበረም።

ጠበቃው፦ 300ዎቹስ? ለእነርሱ ተቀድቷል። ሁለተኛው ግሥ ያስፈለገውም ጥቂቱን አሳልፎ «ማንን ከለከልን?» ለሚል ሹም ነው።

ተርጓሚዋ፦ ስለ ሞክሼ ፊደላት እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ነገር ግን ጽሑፉ ነገ ጠዋት ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፣ የሁለተኛው ግሥ ቦታም እስካሁን ባዶ ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ አይቸኩሉ፤ ገና «መብት» የሚለውን አላየንም። በግእዝ «መባሕት» ነበር፤ ሐመሩን ሐ ከመካከሉ ማን እንደ ሸረፈው ሳይጣራ እንዴት ይታተማል?

ሞክሼ ጠሉ፦ ይኸው፣ የኔታ ራሳቸው «ሸረፈ» አሉ።