ከእንቁላል እርባታ የወጡ አምስት ዶሮዎች ጓሮዬ ገብተዋል፣ ከየት ልጀምር? (ድሬዳዋ)

የሳቢያኗ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። ባለፈው ሳምንት ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የእንቁላል እርባታ ያረጁ ጣዮቹን ለሥጋ እየሸጠ ነው ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለወጥ ነበር። ኬጁ (የሽቦ ሳጥኑ) ውስጥ ሳያቸው ግን አልቻልኩም። አንገታቸውና ጀርባቸው ተመልጧል፣ ጥፍራቸው አድጎ ተጣሟል፣ የምንቃራቸው ጫፍ ተቆርጧል። አምስት ይዤ መጣሁ፣ ቢላ ላነሳባቸው ግን እጄ እምቢ አለኝ። አሁን ባለቤቴም ልጆቼም ይኑሩ ብለዋል።

ችግሩ እኔ የማውቀው የሐበሻ ዶሮ ነው። እናቴ ታረባ ነበር፤ ጠዋት ትለቃቸዋለች፣ ማታ ራሳቸው ቆጥ ላይ ይወጣሉ፣ አለቀ። እነዚህ ምንም አያውቁም። በሩን ከፍቼላቸው ደፉ ላይ ቆመው ቀሩ። አንዷ አንድ እግሯን አፈሩ ላይ አሳረፈችና የጋለ ምጣድ እንደነካች ወዲያው አነሳችው። የኒሙ ዛፍ ጥላ መሬት ላይ ሲንቀሳቀስ እንኳ ይደነግጣሉ። ውሃ በሳህን አስቀምጬላቸው ግማሽ ቀን ሳይነኩት ዋሉ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ማለክለክ ጀመሩ።

እና ቤታቸው ምን ይምሰል? ለጊዜው አጥሩ ሥር ያለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ናቸው። ምን ላብላቸው? እስካሁን ሁለት እንቁላል ብቻ ነው የጣሉት፣ አንዱም ቅርፊት የለውም፣ እንደ ላስቲክ ልፍስፍስ ያለ ነው። ሁለት የሐበሻ ዶሮዎችም አሉኝ፣ መቼ ላቀላቅላቸው? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የምድር ባቡር ጡረተኛ፦

ልጄ፣ እንኳን አመጣሻቸው። ሌላው ሁሉ ይቆየንና ከዚያ ቆርቆሮ ክፍል አውጪያቸው። ዛሬውኑ። እኔ ከዚራ ነው ያለሁት፣ ግንቦት ላይ ቀን ስምንት ሰዓት ሲሆን ቆርቆሮ ሥር ምን እንደሚመስል አንቺም ታውቂዋለሽ። ከሦስት ዓመት በፊት እንዲያ ባለ ክፍል ሁለት ዶሮ በአንድ ከሰዓት ሞተውብኛል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዶሮ አያልባትም። ሙቀቱን የምታወጣው በማለክለክ ነው። 30 ዲግሪ ካለፈ ትጀምራለች። ክንፏን ከገላዋ አራርቃ ከቆመች በዝቶባታል ማለት ነው። ተኝታ መነሳት ካቃታት ጊዜ አትስጪው፣ ጥላ ውስጥ አስገቢያትና እግሯን ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሪላት። በረዶ ውሃ አይሁን።

ቤቱን ከኒሙ ሥር ሥሪው። ኒም ያለው ሰው ድሬ ላይ ታድሏል። የኔ ቤት በምዕራብ በኩል የብሎኬት ግድግዳ አለው፣ የከሰዓት ፀሐይ የሚመጣው ከዚያ ስለሆነ፤ ሁለቱ ጎን ግን ከላይ እስከ ታች ወንፊት ሽቦ ነው፣ ነፋስ እንዲያልፍ። ጣሪያው ቆርቆሮ ቢሆንም ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ ነው የመታሁት፣ በላዩም ሰሌን አንጥፌበታለሁ። ወለሉ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነው። አሸዋ ቶሎ ይደርቃል፣ ማታ ማታ ኩሱን በሬክ ለቅሞ ማውጣት ነው። አንድ ጥግ ላይ አመድ ደባልቂበት፣ እዚያ ውስጥ ይታጠቡበታል።

ቆጡን ዝቅ አድርጊው። ሁለት ስንዝር ይበቃል። ዓመት ከምናምን ኬጅ ውስጥ የቆመች ዶሮ አጥንቷ ሳስቷል፣ ካልሲየሙ ሁሉ ወደ እንቁላል ሄዷል፤ ከፍ ካለ ቦታ ብትዘል እግሯ ሊሰበር ይችላል።

ውሃውን ያልጠጡት አይተው ስለማያውቁ ነው። እርባታው ውስጥ የሚጠጡት ሲነኩት ጠብ ከሚል ቧንቧ ነው። አንድ በአንድ ያዥና የምንቃራቸውን ጫፍ ብቻ ውሃው ውስጥ ነከር አድርጊላቸው። አንዷ ከጠጣች ሌሎቹ ያዩዋታል። የሸክላ ዕቃ ካለሽ በሱ ስጪ፣ ውሃው ቀዝቅዞ ይቆያል።

መኖና ክትባት፦

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፣ የምሠራውም እዚሁ ምሥራቅ ነው። አባባ ስለ ሙቀቱ ያሉት ልክ ነው፣ እኔ በቀረው ልሂድ።

ልፍስፍሱ እንቁላል ከሙቀቱም ጋር ይያያዛል። ዶሮ ብዙ ስታለከልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ ይወጣል፣ ቅርፊቱ ደግሞ የሚሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አንዱ ግብዓት ያጥራል። በዚያ ላይ ሲሞቃት መብላት ትቀንሳለች፣ ካልሲየሙም ያንሳል። ስለዚህ መኖውን ጠዋት 12 ሰዓትና ማምሻውን 11 ሰዓት ላይ ስጪ፣ ቀትር ላይ አታስጨንቂያቸው። የእንቁላል ቅርፊት ካለሽ ምጣድ ላይ አመስ አድርጊና ቁልጭ ብሎ ቅርፊት መሆኑ እስኪጠፋ ድረስ ወቅጠሽ በተለየ ዕቃ አስቀምጪ። የምትፈልገዋ ራሷ ትበላለች።

መኖው የጣይ መኖ ይሁን። የለመዱት እሱን ነው፣ በድንገት ወደ በቆሎና ፉርሽካ ብቻ ብታዞሪያቸው ይከሳሉ። አንድ ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች፣ አምስቱ በወር 18 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ውሃ በደህናው ቀን ለአንዷ ሩብ ሊትር ያህል፣ በድሬ ሙቀት እጥፉን ቁጠሪ። ጎመን፣ ሰላጣ፣ የሐብሐብ ልጣጭ ከሰዓት ላይ ጥሩ ነው። ወጥ ያለበት እንጀራ አትስጪ፣ ጨውና ቅባቱ ይጎዳቸዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሻገተ ኦቾሎኒ ወይም በቆሎ ለዶሮ አይጣልም። እዚህ አካባቢ የባቢሌ ኦቾሎኒ በብዛት ስላለ የተበላሸውን ለዶሮ የሚሰጥ ሰው አያለሁ። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፣ ጉበት ነው የሚያበላሸው። የጫት ገራባም (ትርፍራፊውን) ለፍየል እንደምንጥለው አትጣይላቸው። ጫቱ ላይ የሚረጨው መድኃኒት አለ።

የሐበሾቹን በተመለከተ፣ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ለየብቻ። የእርባታ ዶሮዎች ብዙ ጊዜ የተከተቡ ናቸው፣ ያንቺ ሐበሾች ግን ካልተከተቡ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ከገባ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። እርባታውን ደውለሽ መቼና ምን እንደከተቡ ጠይቂ። ክትባቱ ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው፣ የሚመጣውም በአንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ለነገ አይቆይም። ስለዚህ ዶሮ ያላቸውን ጎረቤቶች ሰብስቢና በአንድ ጠዋት ሁሉንም አስከትቡ። ከፋርማሲ ስታመጪው በረዶ ባለው ፔርሙዝ ያዥ፣ ድሬ ላይ በፌስታል የተንጠለጠለ ክትባት ቤት ሳይደርስ ይሞታል። ዶሮዎቹ አሁን ደክመዋል፣ እስኪረጋጉ ሳምንት አሳልፊ።

ቴትራሳይክሊን ውሃ ውስጥ በጥብጠሽ ስጪ የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ሳይታመሙ አትስጪ። ከሰጠሽም መድኃኒቱ ከሰውነታቸው እስኪወጣ ድረስ እንቁላሉ አይበላም።

ለገሃሬ 07፦

ለክፋት አይደለም፣ ግን በዚህ ኑሮ 18 ኪሎ መኖ በየወሩ ለማትጥል ዶሮ? እኔም ልጆች አሳድጋለሁ። ወይ ቄብ ገዝተሽ ብትጀምሪ አይሻልም ነበር? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ሸዋ በር፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኔ ሐረር ሆኜ እንደነዚህ ያሉ አራት ዶሮዎች ሁለት ዓመት አቆይቻለሁና የሆነውን ልንገርህ።

እርባታው የሚያስወጣቸው መጣል ስላቆሙ አይደለም። 72 ወይም 80 ሳምንት ሲሞላቸው መጣላቸው ይቀንሳል፣ የመኖውን ወጪ አይሸፍንም፣ ለዚያ ነው። የኔዎቹ መጀመሪያ ሁለት ወር ከግማሽ ምንም አልጣሉም። እርባታ ውስጥ መብራት በርቶላቸው ቀኑ 16 ሰዓት ይሆንላቸዋል፣ እኛ አገር ግን ክረምት በጋ ሳይል ወደ 12 ሰዓት ነው። ያ ሲቀንስ ላባቸውን ይጥላሉ፣ ያርፋሉ። አምፖል አብርቶ ማስገደድ ይቻላል፣ እኔ ግን አላደረግኩትም። ሰውነታቸው ማረፍ ነበረበት። ከዚያ በኋላ በሳምንት ከ12 እስከ 15 እንቁላል ይሰጡን ነበር፣ በሁለተኛው ዓመት ቀነሰ። ለትርፍ የሚሆን ነገር አይደለም፣ ለቤት ግን ይበቃል። አንዷ በሦስተኛው ሳምንት ሞታብኛለች፣ እህቴ ለዚህም ልብሽን አዘጋጂ። ብዙ ጥለው ያለቁ እንስሳት ናቸው።

እንግሊዝ አገር የምትኖር እህት አለችኝ፣ እዚያ ይሄ ነገር የተለመደ ነው ትለኛለች። ብሪቲሽ ሄን ዌልፌር ትረስት የሚባል ድርጅት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእርባታ የሚወጡትን እየተቀበለ ለቤተሰብ ይሰጣል። እኔም መጀመሪያ የሰማሁት ከሷ ነው።

ስለ መልቀቁ ከአባባ ትንሽ የምለየው ነገር አለ፣ ወይም እሳቸው ሳይጠቅሱት አልፈዋል። የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ቀናት ጨርሶ አትልቀቂያቸው። ቤታቸው የት እንደሆነ ይልመዱ። እኔ በሁለተኛው ቀን ለቅቄ አንዷን ከጎረቤት ጣሪያ ሥር በባትሪ ፈልጌ ነው ያገኘኋት። ማታ ቆጥ ላይ መውጣት አያውቁም፣ አንድ ጥግ ላይ ተደራርበው ይተኛሉ። በየማታው እያነሳሽ ቆጡ ላይ አስቀምጪያቸው። በሳምንት ይለምዱታል።

ሐረር ላይ የምንፈራው ብርዱንና ሌሊቱን ነው። ላባ የሌላት ዶሮ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ትንቀጠቀጣለች፣ ወፍራም ገለባ እናነጥፋለን። ጅቡ በየሰፈሩ ያልፋል፣ በሩ በደንብ ከተቆለፈ ግን ከጅቡ ይልቅ ያስቸገረኝ ሸለምጥማጥ ነው። እጅ በሚያስገባ ቀዳዳ እሱም ይገባል። አንቺም ጋ ድመቱና ጭልፊቱ አይጠፋም፣ ሽቦውን ጠባብ ቀዳዳ ያለውን ግዢ፣ ከታችም አንድ ስንዝር ያህል መሬት ውስጥ ቅበሪው።

ሌላው ቅንቅን ነው። ቀን ላይ ዶሮዋ ላይ አታገኚውም፣ የቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ነው የሚደበቀው፣ ሌሊት ወጥቶ ደማቸውን ይመጥጣል። ማታ በነጭ ጨርቅ ቆጡን ከሥር ጥረጊው። ጨርቁ ላይ የቀላ ነጠብጣብ ካየሽ አለ ማለት ነው። ቆጡን አውጥተሽ የፈላ ውሃ ድፊበት፣ ፀሐይ ላይም አውዪው።

የሳቢያኗ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አባባ፣ የዚያኑ ዕለት ነው ያወጣኋቸው። ባለቤቴና ወንድሙ በሦስት ቀን ከኒሙ ሥር ሠሩላቸው። ለለገሃሬው ወንድሜ፣ ሒሳቡን ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረንበታል፣ ለበዓል ዶሮ የምናወጣውን ለነሱ መኖ ልናውለው ወስነናል።

ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀናቸው ነው። ውሃውን በነገራችሁኝ መንገድ ለመዱት። አንዷን፣ ልጄ «መላጣዋ» የሚላትን፣ ጠዋት አሸዋው ላይ ወድቃ አየኋትና የሞተች መስሎኝ ሮጥኩ። በጎኗ ተኝታ አንድ ክንፏን ዘርግታ አሸዋውን በእግሯ ወደ ጀርባዋ ትበትናለች፣ ዓይኗን ጨፍናለች። ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ተኛች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ ሳያት ቆየሁ። አንገቷ ላይ እንደ እስክሪፕቶ ቀፎ ያሉ ትንንሽ ላባዎች ብቅ ብቅ እያሉ ነው።

አሁን ያስጨነቀችኝ ሌላዋ ናት። ከትናንት ጀምሮ ጭራዋን ጥላ ቆማለች፣ ስትሄድ እግሯን ከፍታ ትንገዳገዳለች፣ እያማጠች ይመስላል። አልበላችም።

መኖና ክትባት፦

እንቁላል ተይዞባት ይሆናል። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርጊና ሆዷ እስኪነከር ድረስ 15 ወይም 20 ደቂቃ አቆያት፣ በእርጋታ፣ አንድ ሰው ይያዛት። ከዚያ አድርቀሻት ጨለም ያለ ጸጥ ያለ ቦታ ብቻዋን አስቀምጪ፣ ውሃና ያን የተወቀጠ ቅርፊት አቅርቢላት። ማታ ላይ አድርጊው፣ ቀን ሙቀቱ አይሻልም። ሆዷን በፍጹም እንዳትጫኚ፣ ውስጥ ከተሰበረ ትሞታለች። እስከ ነገ ጠዋት ካልጣለች ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወይም ቅርብሽ ያለ ክሊኒክ ውሰጃት።

የሳቢያኗ፦

ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ጣለችው። ትልቅ ነው፣ ቅርፊቱ ሻካራ፣ ጎኑ ላይ ትንሽ ደም አለው። ጠዋት መኖ በልታለች። ሐበሾቹ ደግሞ በሽቦው በኩል እየመጡ ያዩዋቸዋል፣ ትልቋ አንገቷን ላባ ነፍታ ነው የምትቆመው። ሦስት ሳምንቱ ሲሞላ እንዴት ላስገባቸው?

የምድር ባቡር ጡረተኛ፦

ማታ፣ ከጨለመ በኋላ። ሐበሾቹን አንሺና ከነሱ ጎን ቆጡ ላይ አስቀምጪያቸው። ጠዋት ግን ቀድመሽ ተነሺና እዚያው ቁሚ፣ መጋቢያም ሁለት ቦታ አድርጊ፣ ሐበሾቹ ይደበድቧቸዋል። ደም የወጣባት ካለች ወዲያው ለያት፣ ቁስሏን ለብ ባለ ጨው ባለው ውሃ እጠቢላት፣ ሳይደርቅ አትመልሻት።