የጂፒኤስ ሰዓት ይዘገያል ወይስ ይቀድማል?

የጨነቃት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐሙስ ክፍል ውስጥ ስለ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ አጭር ገለጻ አለኝ። ለምሳሌ ጂፒኤስን መረጥኩና ተምታታብኝ። አንዱ ጽሑፍ የሳተላይቱ ሰዓት በቀን 7 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ይዘገያል ይላል። ሌላው 45 ይቀድማል ይላል። የቱን ልያዝ? እባካችሁ ቀመር አታብዙብኝ።

ሰዓት ሠሪው፦
ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። 7ቱ የመጣው ከፍጥነት ነው። ሳተላይቱ በሰከንድ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። የሚሮጥ ሰዓት ደግሞ እኛ ስናየው ይዘገያል። ይሄ አይንስታይን በ1905 እ.ኤ.አ. ያወጣው ልዩ አንጻራዊነት ነው። 45ቱ ከስበት ነው። ሳተላይቱ ያለው 20,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ሰዓት ከምድር በራቀ ቁጥር ይፈጥናል። ይሄኛው የ1915ቱ አጠቃላይ አንጻራዊነት ነው። ከ45 ላይ 7 ቀንሺ፤ በቀን 38 ይቀድማል። እሱን ያዢ።

ሌሊት ወፍ፦
ብርሃን በ38 ማይክሮ ሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ «ባይታረም ኖሮ ካርታው በየቀኑ 11 ኪሎ ሜትር ይስት ነበር» ሲባል ትሰሚያለሽ። እኔ ብትተዪው እመርጣለሁ። ሳተላይቶቹ ሁሉ እኩል ከቀደሙ፣ ስልኩ ያንን የጋራ ስህተት የራሱ ሰዓት ስህተት አድርጎ ይቆጥረዋል። ልዩነቱ መኖሩ ግን እውነት ነው። ሰዓቶቹም ከመምጠቃቸው በፊት ትንሽ እንዲዘገዩ ተደርገው ይስተካከላሉ።

የጨነቃት፦
ኧረ ተባረኩ! መምህሩ «ከኳንተም ጋርስ?» ብሎ ቢያፋጥጠኝ? እሱ እንደሆነ አይለቀኝም።

አባ ፊዚክስ፦
ልዩ አንጻራዊነት ከኳንተም (ከጥቃቅን ቅንጣቶች ፊዚክስ) ጋር ከታረቀ ቆይቷል። በ1928 የፊዚክስ ሊቁ ፖል ዲራክ ለኤሌክትሮን ባወጣው ቀመር ሁለቱን አስማማ። ቀመሩ የኤሌክትሮን ተቃራኒ የሆነ ቅንጣት ጠቆመ፤ በ1932 ያ ቅንጣት፣ ፖዚትሮን፣ ተገኘ። አጠቃላይ አንጻራዊነት ግን እስከ ዛሬ አልታረቀም። ብርሃን እንኳ ከስበቱ የማያመልጠው የጥቁር ጉድጓድ መሃል ላይ ሲደረስ ስሌቱ ይበላሻል። «ገና አልተፈታም» በዪው፤ ትክክለኛው መልስ እሱ ነው።

ሰዓት ሠሪው፦
አደራ፣ «ሁሉም ነገር አንጻራዊ ነው» እንዳትዪ። በባዶ ሕዋ የብርሃን ፍጥነት ለማንም ለካው ያው ነው። የሚሮጥ ሰዓት የሚዘገየውም በዚያ ምክንያት ነው።