ሥራ ፍለጋ ላይ ላላችሁ፦ ጊዜያችሁን የት ብታውሉት ያዋጣል? (ጥቆማ)

ሰው ሥራ ሲፈልግ ቀኑን ሙሉ ማስታወቂያ እያሰሰ ሲቪ ሲልክ ይውላል። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚቀድመው ሰው መጠየቅ ነው።

ይህን ስል ዘመድ በጓሮ በር ያስገባችሁ ማለቴ አይደለም። ክፍት ቦታ መኖሩን ቀድሞ መስማት በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞም ብዙ ጊዜ ወሬውን የሚያመጣው የቅርብ ጓደኛ አይደለም። አሜሪካዊው ሶሺዮሎጂስት ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ጠቋሚያቸውን አዘውትረው ያገኙት የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነው የጠቆማቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቅርብ ጓደኛችሁ የሚሰማውን እናንተም ትሰማላችሁ። ስለዚህ የድሮ የሥራ ባልደረባ፣ አብሯችሁ የተማረ ሰው፣ ስልጠና ላይ የተዋወቃችሁት ሰው ጋ ደውሉ።

ታዲያ «ሥራ ካለ ጠቁሙኝ» ብቻ ብላችሁ አትላኩ፤ ሰውየው ምን እንደሚፈልግላችሁ አያውቅም። እንዲህ ብትሉ ይሻላል፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበቱ? በግዥ ሥራ ላይ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ሌላ ቦታ እየፈለግኩ ነው። እናንተ ጋ የግዥ ክፍሉን ከሚመራው ሰው ጋር ሊያገናኙኝ ይችላሉ?» ክፍት ቦታ ባይኖር እንኳ ይህ መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ ነው።

ቀጥሎ የቀጣሪው የራሱ ድረ ገጽ። ልትሠሩባቸው የምትፈልጓቸውን ድርጅቶች መርጣችሁ የቅጥር ገጻቸውን በየሳምንቱ እዩ። ሌላ ቦታ ያያችሁትን ማስታወቂያም እዚያ ገብታችሁ አረጋግጡ፤ ከተቻለም በቀጥታ እዚያው አመልክቱ።

ሊንክድኢን (ባለሙያዎች የሚገናኙበት ድረ ገጽ) ጥሩ የሚሆነው ማንን መጠየቅ እንዳለባችሁ ለማወቅ ነው። የድርጅቱን ስም ፈልጋችሁ የምታውቁት ሰው እዚያ ይሠራ እንደሆነ ታያላችሁ። ማስታወቂያ ስትፈልጉበት ደግሞ ባለፉት 24 ሰዓታት የወጣውን ብቻ እንዲያሳያችሁ አድርጉ፤ የሥራ መደቡን ስም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት። ሥራ ላይ ያላችሁ ሰዎች ግን ጥንቃቄ አይለያችሁ፦ «ሥራ እፈልጋለሁ» የሚለውን ምልክት ለቀጣሪዎች ብቻ እንዲታይ ብታደርጉትም፣ መሥሪያ ቤታችሁ እንደማያየው ሙሉ ዋስትና የለም።

ኢንዲድ የተባለው ድረ ገጽ የሥራ ማስታወቂያ ከብዙ ቦታ ስለሚሰበስብ ገበያውን በአንድ ጊዜ ለማየት ይመቻል፤ ተደጋጋሚና ጊዜው ያለፈበትም አይጠፋበትም። የቴሌግራም ቻናሎች ፈጣን ናቸው፤ የቀጣሪው ስም የሌለበትን ማስታወቂያ ግን እለፉት።

ሲቪውን በተመለከተ፣ ብዙ ድርጅቶች መጀመሪያ የሚያጣሩት በሶፍትዌር ስለሆነ ሠንጠረዥና ሥዕል አታብዙበት። ማስታወቂያው «የክምችት ቁጥጥር» ካለና ሠርታችሁበት ከሆነ ያንኑ ቃል ተጠቀሙ።

ሥራ አገናኝ ኤጀንሲን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት የማይጠቅም ሆኖ አይደለም፤ በሙያ የተለየ ኤጀንሲ በተለይ ልምድ ላለው ሰው ጥሩ በር ይከፍታል። ነገር ግን የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው 181ኛው ስምምነት መሠረት፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ የግል ኤጀንሲ ሥራ ፈላጊን ክፍያ መጠየቅ የለበትም። ገንዘቡ የሚመጣው ከቀጣሪው ነው። «ለምዝገባ» ወይም «ለፎርም» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን፣ ቃለ መጠይቅ ሳይኖር የፓስፖርት ቅጂ ላኩ የሚላችሁንም፣ እባካችሁ ወዲያው ተዉት።