የዒላማ ተኳሽ መሣሪያ የት ይደር፦ ቤት ወይስ ክለብ?

ቀለህ፦
ጥያቄውን በግልጽ ላስቀምጥ። ለስፖርት ብቻ ፈቃድ ያወጣ ሰው ልምምድ ሲጨርስ ጠመንጃውን ወይ ሽጉጡን ይዞ ቤቱ ይግባ ወይስ ክለቡ ካዝና ውስጥ አስቆልፎ ይሂድ? ብዙ አገር እየተከራከረበት ነው። እኛ ስፖርተኞቹ ዝም ካልን ሌላ ሰው ይወስንልናል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ ክለብ ይደር ባይ ነኝ። መሣሪያው የተገዛው ወረቀት ለመብሳት ነው። ወረቀቱ ያለው ክለብ ነው። ታዲያ ማታ ማታ መኝታ ቤት ምን ይሠራል?

በ2009 ጀርመን፣ ቪኔንደን የሆነውን አስታውሱ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። አንድ የ17 ዓመት ልጅ የአባቱን ሽጉጥ ይዞ ወጥቶ 15 ሰው ገደለ። አባትየው የተኩስ ክለብ አባል ነበር፣ ፈቃድም ነበረው። ሌሎቹን መሣሪያዎች ካዝና ውስጥ ቆልፏቸዋል። አንዱን ሽጉጥ ግን መኝታ ቤት አስቀምጦት ነበር። ያንን ሁሉ ሕይወት የቀጠፈው እሱ ነው።

አስር ነጥብ፦
ቀለህ ወንድሜ፣ ያ አባት እኮ ሕጉን ጥሷል። ሽጉጡን መቆለፍ ያኔም ግዴታው ነበር። ፍርድ ቤትም ጥፋተኛ ብሎታል። እሱ ስላልቆለፈ የቆለፍኩት እኔ ለምን ልቀጣ? በዚያው ዓመት ጀርመን ሕጉን አጠበቀች፤ ባለሥልጣን መጥቶ አቀማመጥህን አሳየኝ ማለት ይችላል። ይምጣ፣ ያንኳኳ፣ ካዝናዬን ይይ። በዚህ ቅሬታ የለኝም።

"ወረቀቱ ያለው ክለብ ነው" ያልከው ደግሞ ካንተ ከስፖርተኛው አይጠበቅም። አብዛኛው ልምምድ ያለ ጥይት የሚሠራ ነው። ግድግዳ ላይ ትንሽ ነጥብ ትለጥፋለህ፣ መሣሪያው ባዶ መሆኑን ደጋግመህ ታያለህ፣ ጥይት የሚባል ነገር ክፍሉ ውስጥ አይገባም፣ ከዚያ አቋቋምህን፣ ትንፋሽህንና ምላጭ አሳሳብህን ብቻ ትሠራለህ። ድምፅ የለም፣ ወደ ኋላ የሚገፋህም የለም። ስለዚህ ምላጩ ሲለቅ ማነጣጠሪያው ቅንጣት ታክል ከተንቀሳቀሰ ዓይንህ ይይዘዋል። በእውነተኛ ተኩስ ይህን ስህተት ፍንዳታው ይደብቅብሃል። ክለቡ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ለሚከፈትለት ሰው ይህን ከከለከልከው ስፖርቱን ራሱን ከለከልከው ማለት ነው።

የልጆች እናት፦
እኔም ተኳሽ ነኝ፣ የ50 ሜትር ጠመንጃ። አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ስለ ልጅ ተነሳ፣ ስለ ሌባም መነሳቱ አይቀርም። ስለ ባለቤቱ ግን ማንም አላነሳም። ፈቃድ ያለው፣ ጨዋ፣ ሕግ አክባሪ፣ አንድ ቀን ግን ሕይወት የጠቆረበት ሰው።

እስራኤል በ2006 ወታደሮቿ ለሳምንቱ መጨረሻ ዕረፍት ቤታቸው ሲሄዱ መሣሪያቸውን ካምፕ ትተው እንዲወጡ አደረገች። በ2010 የወጣ ጥናት እንዳሳየው በወታደሮቹ ዘንድ ራስን ማጥፋት በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ልብ በሉ፣ የቀነሰው በዋናነት በዕረፍት ቀናት ነው። በሌሎቹ ቀናት ያን ያህል ለውጥ አልታየም። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ጭንቀታቸውም ያው። የተለወጠው በዚያች ክፉ ሰዓት አጠገባቸው ያለው ነገር ነው። ያች ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ አጭር ናት። አልፈዋት የወጡ አብዛኞቹ በሕይወት ይቀጥላሉ። ጥይት ግን ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።

አስር ነጥብ፦
እህቴ፣ ያነሳሽው ከባድ ነው፣ አልቃወምሽም። ግን እነዚያ ገና ልጅነታቸውን ያልጨረሱ ወጣቶች ናቸው፣ ወታደሮች ናቸው፣ መሣሪያውንም ወደው አልያዙትም። እኛ ፈቃድ ለማግኘት ተጣርተን፣ ተፈትነን፣ ክለብ መስክሮልን ነው።

የልጆች እናት፦
ማጣራት የሚነግርህ ፈቃዱን ባወጣህበት ቀን ምን እንደነበርክ ነው። ከዚያ በኋላ ፍቺ አለ፣ ሥራ ማጣት አለ፣ ሕመም አለ፣ መጠጥ አለ። የትኛው ፈተና ነው እነዚህን ቀድሞ የሚያየው?

የመስመር ኃላፊ፦
ልጆቼ፣ ክርክራችሁን እየተከታተልኩ ነው። ዘመኔን ከተኳሾች ጀርባ ቆሜ "ተኩስ አቁም!" በማለት ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን ከክለቡ በኩል ላሳያችሁ። "ክለብ ይደር" ማለት ቀላል ነው። ክለብ ማለት ግን ብዙውን ጊዜ ከመኖሪያ ራቅ ያለ፣ ሌሊት ሰው የማይኖርበት ቤት ነው። የአባላቱን መሣሪያ ሁሉ አንድ በር ኋላ ስትሰበስቡ ለሌባ አድራሻውን ሰጣችሁት። ቤት ለቤት ቢዞር አንድ ሁለት ነው የሚያገኘው፤ እዚያ ግን አንዴ ከሰበረ ሁሉንም ጭኖ ይሄዳል። ስለዚህ የኮንክሪት ክፍል፣ የብረት በር፣ ማንቂያ፣ ካሜራ ያስፈልጋል። ይህን ማን ይከፍላል? አባሉ። ትንንሾቹ ክለቦች አይችሉትም፣ ይዘጋሉ። ቁልፉስ ማን ጋ ይሁን? አብዛኛው ክለብ የሚሠራው በበጎ ፈቃደኛ ነው። አንድ ሰው የሁሉንም ቁልፍ ኪሱ ይዞ ቤቱ ከገባ ችግሩን አዛወርነው እንጂ አልፈታነውም።

አየር ብቻ፦
ጋሼ ያሉት እውነት ነው፤ ግን የቤት ልምምድ ለሚፈልግ ሰው መፍትሔው እጃችን ላይ አለ እላለሁ፣ የአየር ጠመንጃ። በ10 ሜትር ውድድር መሃሏ 10 ቁጥር ግማሽ ሚሊ ሜትር ነጥብ ናት። ጥይቷ ራሷ 4.5 ሚሊ ናት፣ ከነጥቧ ዘጠኝ እጥፍ። ከዚህ በላይ ማነጣጠር የሚያስተምር ነገር አላውቅም! ድምፁ ትንሽ፣ ጉልበቱም ትንሽ። ዓይን ስለሚያጠፋ እሱም መቆለፍ አለበት፤ መጫወቻ አይደለም። ባሩድ ያለው ክለብ ይደር፣ አየሩ ቤት ይደር።

አስር ነጥብ፦
ለጠመንጃው ይሁን፣ ለሽጉጡ ግን አይሠራም። የአየር ሽጉጥ ምላጭ በውድድር ደንብ ሳይለቅ ቢያንስ 500 ግራም ክብደት መያዝ አለበት። የ25 ሜትሩ ሽጉጥ ቢያንስ 1000 ግራም ነው። እጥፍ ማለት ነው! ጣቴ ቤት አንዱን ለምዶ ውድድር ላይ ሌላውን ሲያገኝ ምን ይሆናል? መያዣውም ሚዛኑም ሌላ ነው።

አሁን ደግሞ እውነተኛ ፍርሃቴን ልንገራችሁ። በ1996 ስኮትላንድ፣ ደንብሌን ውስጥ 16 ሕፃናትና አንዲት መምህርት ተገደሉ። ገዳዩ ሽጉጦቹን በፈቃድ ነበር የያዘው። ሐዘኑ አገር አናወጠ፣ ማናወጡም ተገቢ ነው። በ1997 መጀመሪያ የወጣው ሕግ ትልልቆቹን ሽጉጦች ከለከለና በ5.6 ሚሊ ጥይት የሚሠሩትን ትንንሾቹን ፈቃድ ባለው ክለብ ተቆልፈው እንዲቀመጡ ፈቀደ። ቀለህ የምትለው ማለት ይኸው ነው። መንግሥት ተቀየረ፣ በዚያው ዓመት ሁለተኛ ሕግ ወጣ፣ እነሱም ተከለከሉ። የብሪታኒያ ሽጉጥ ተኳሾች ለኦሊምፒክ ለመዘጋጀት ውጭ አገር ድረስ መሄድ ነበረባቸው። "ክለብ ይደር" ስትሉ ለኔ የሚሰማኝ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ሁለተኛውን ማን ያስቆመዋል?

ቀለህ፦
እኔ ደግሞ ከዚያው ታሪክ የማየው ሌላ ነው። ከደንብሌን በፊት ስፖርተኞቹ ራሳቸው ክለብ ይደር ብለው ቢቀድሙ ኖሮ ሕዝብ ፊት የሚቆሙበት መሬት ይኖራቸው ነበር። አደጋው ከደረሰ በኋላ የምታቀርበውን ሐሳብ ማንም አይሰማህም። የሞቱት ሕፃናት ናቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ምላጭ ክብደት ብታወራ የሚያዳምጥህ የለም፣ እኔም አላዳምጥህም።

አየር ብቻ፦
ስዊዘርላንድንም አንርሳ። በ2011 ወታደራዊ መሣሪያ ከቤት ወጥቶ በጦር ግምጃ ቤት ይቀመጥ የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ 56.3 በመቶው አይሆንም አለ። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን፣ ከ2007 ጀምሮ፣ ቤት የሚቀመጠው የሠራዊቱ ጥይት እንዲሰበሰብ ተወስኖ ነበር። ጠመንጃው ቤት ቀረ፣ ጥይቱ ወጣ። ለኛም የሚሆን ይመስለኛል።

የመስመር ኃላፊ፦
እኔም ወደዚያው ነኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት ያለ እሱ መሣሪያው የማይተኩሰውን ክፍል ፈትቶ ክለብ መተው ነበር፤ ግን ያ ክፍል ከሌለ ብዙው መሣሪያ ያለ ጥይትም አይለማመዱበትም። ስለዚህ ጥይቱ ነው መለየት ያለበት። መሣሪያው ቤት ካዝና ውስጥ ይደር፣ ጥይት ግን ከክለብ አይውጣ። መስመር ላይ ስትገቡ ተቆጥሮ ትወስዳላችሁ፣ ስትወጡ የተረፈውና ቀለሁ ተቆጥሮ ይገባል። ጎደለ ማለት በሩ አይከፈትም ማለት ነው። ክለቡን የሰበረ ሌባ ጥይት ያገኛል፣ መሣሪያ አያገኝም። ቤት የገባ ሌባ መሣሪያ ያገኛል፣ ጥይት አያገኝም።

ቀለህ፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን ጥይት ከሌላ ቦታም ይገዛል፣ ይገኛል። ኪስ ውስጥ ይገባል። ጠመንጃ ኪስ ውስጥ አይገባም። እኔ አሁንም ሁለቱም ክለብ ይደሩ ነው የምለው።

አስር ነጥብ፦
የጋሼን ሐሳብ ግን እፈርምበታለሁ። ልምምዴን አይነካም። ከክለብ ውጪ ጥይት ይዞ የተገኘ ፈቃዱን ይነጠቅ፣ ይህንንም ጨምሩበት።

የልጆች እናት፦
እኔ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። በየትኛውም ሐሳብ ብትስማሙ አባል በገዛ ፈቃዱ መሣሪያውን ክለብ አስቀምጦ እንዲሄድ የሚፈቅድ ደንብ ይኑር። አንድ ወር ይሁን፣ ስድስት ወር ይሁን። ለምን ብሎ የሚጠይቀው አይኑር፣ ፈቃዱም አይነካ፣ የውድድር ቦታውም ይጠበቅለት። አሁን ባለው አሠራር "ደህና አይደለሁም፣ ያዙልኝ" የሚል ሰው ፈቃዴን አጣለሁ ብሎ ይፈራል፣ ስለዚህ ዝም ይላል። ይህን ለመቀየር የፓርላማ ሕግ አይጠበቅም። ትርፍ ካዝና ያለው ክለብ ሁሉ የአካባቢውን ፈቃድ ሰጪ አነጋግሮ ሊጀምረው ይችላል። እኔ የክለባችን ስብሰባ ላይ በጽሑፍ አቀርበዋለሁ። ማን አብሮኝ ይፈርማል?