የእህቴ ልጅ የልብ ሕክምና፤ መላ ያላችሁ?

እህታችሁ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ
ሰላም ለዚህ ቤት። የእህቴ ልጅ ደሴ ናት፤ አራት ዓመቷ ነው። ጡት ስትጠባ ግንባሯ ላብ በላብ ይሆን ነበር። ሙቀት ነው ብለን አለፍነው። አሁን አዲስ አበባ ሪፈር ተብላ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሳች፤ ልቧ ላይ ክፍተት አለ፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፣ ወረፋ ጠብቁ ተባሉ። ቤተሰቡ ሕንድ እንውሰዳት ብሎ ወጪውን ከኔ ይጠብቃል። እኔ በአንድ ደሞዝ ሁለት ልጅ አሳድጋለሁ። ኪራዩ ራሱ ወገቤን ሰብሮታል። ትናንት ወንድሜ ደውሎ «ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን ጥፋቱ ያንቺ ነው» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ አደርኩ። እዚህ ማምጣት ይቻላል? ወይስ ሕንድ ይሻላል?

ነርስ፣ ዳላስ
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። መጀመሪያ የኢኮውን ውጤት እጅሽ አስገቢ። ክፍተቱ የቱ ጋ ነው? ስንት ሚሊሜትር ነው? የሳንባዋ ደም ስር ግፊት ስንት ነው? ትንሽ ከሆነ በራሱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ትልቁ ግን ብዙ ደም ወደ ሳንባ ይገፋል፤ ዓመታት ሲያልፉ ደም ስሩ ይደነድናል። አንዴ ከደነደነ ሐኪሞቹ ራሳቸው ቀዶ ሕክምናውን ይፈሩታል። ስለዚህ ገንዘብ ከማሰባሰብ በፊት ግፊቱን ማወቅ አለብሽ። አንዳንዱ ክፍተት ደግሞ ደረት ሳይከፈት፣ በእግር ደም ስር በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይዘጋል።

አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ልጄ፣ አካሄዱን ላስረዳሽ። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል አለ። ዶ/ር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመሩት በጎ አድራጎት ነው ማዕከሉን ያቆመው፤ በ2009 ተከፈተ። ሕክምናው በነፃ ነው፤ ወረፋው ግን በሺዎች ይቆጠራል። አላቂ ዕቃ ሲጠፋም ሥራው ይጓተታል። እህትሽ እዚያ መመዝገቧን አረጋግጪ፤ ስልኳን ከቀየረችም አዲሱን ትስጣቸው።

ሕንድ ካላችሁ የሜዲካል ቦርድ፣ ማለትም ውጭ አገር መታከም አለባት የሚል የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ባንክ ዶላር ሲጠየቅ እሱን ነው የሚያየው። የሕንዱ ሆስፒታል ኢኮውን አይቶ የዋጋ ግምትና የግብዣ ደብዳቤ ይልካል። ወደ አሜሪካ ለሕክምና የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ፣ ቢ-2፣ ሲጠየቅ ደግሞ የአገር ቤት ሐኪም ማስረጃ፣ የሚያክማት የአሜሪካ ሆስፒታል ደብዳቤ ከነወጪው፣ ከዚያ ማን እንደሚከፍል ማሳየት አለባችሁ። ከፋይ ሳይኖር ኤምባሲ መሄድ ድካም ብቻ ነው።

ከሆሎን፣ እስራኤል
እኛ ከተማ ወልፍሰን ሆስፒታል ውስጥ ሴቭ ኤ ቻይልድስ ኸርት የሚባል ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 ዶ/ር አሚ ኮኸን የመሠረቱት ነው። ከ60 በላይ አገሮች የመጡ ልጆችን አክሟል፤ ከኢትዮጵያም ብዙ መጥተዋል። አዲስ አበባ ያሉትን የልብ ሐኪሞች ስለ እሱ ትጠይቃቸው። አንዲት እናት ልጇ ከቀዶ ሕክምና ሲወጣ ጥፍሩን እያገላበጠች ስታይ አጠገቧ ነበርኩ። ሰማያዊ የነበረው ቀልቷል። እዚያው ኮሪደሩ ላይ እልል አለች! እንዲህ ዓይነት እልልታ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ። ያን ቀን አገሬ ውል አለኝ፤ ቤቴ ገብቼ ቡና አፈላሁ።

ከሪያድ
የወንድምሽ ንግግር አንጀቴን በላው። እኛ የሰው ቤት እየሠራን የላክነውን ማንም አይቆጥረውም፤ የቀረችው ብቻ ናት የምትታየው። እነሱስ ስንት አዋጡ? መሬት አላቸው፣ ከብት አላቸው። አንቺ አቅምሽን ተናገሪና ስልኩን ዝጊ።

እህታችሁ፣ አሌክሳንድሪያ
ውጤቱን በስልክ ላኩልኝ። «ላርጅ ቪኤስዲ» ይላል፤ በሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ትልቅ ክፍተት ማለት ነው። ግፊቱ የተጻፈበት ጋ ፎቶው ደብዝዟል፤ እንደገና አንሱ ብያቸዋለሁ። እህቴ ከብት የላትም፤ በሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች ነው የምትኖረው።

ከአትላንታ
በቃ ጎፈንድሚ ላይ የኢንተርኔት መዋጮ እንክፈት። የልጅቷን ፎቶ አውጪው። ሰው ፊቷን ካየ ይሰጣል።

አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
የሕፃን ልጅ ፎቶ አደባባይ አይወጣም። ነገ አድጋ ስታየውስ? ደግሞም ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ባለ ባንክ ገንዘብ አያስገባም፤ እዚህ ያለ ሰው ስም ነው የሚገባው። ሕዝቡ ከዚህ በፊት አዋጥቶ ሂሳቡን ያልሰማበት ጊዜ አለ። ሦስት ሰው የሚፈርምበት ሂሳብ ይከፈትና ገንዘቡ በቀጥታ ለሆስፒታሉ ይላክ።

ከአትላንታ
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፤ ፈራሚ እስክንመርጥ ልጅቷ ትጎዳለች። እድራችን ኮሚቴ ለመምረጥ ስንት ወር እንደፈጀ ያውቃሉ።

ነርስ፣ ዳላስ
እባካችሁ፣ ፎቶውን እናቷ ትወስን። ግፊቱ ሳይታወቅ ስንት ብር ብላችሁ ነው የምትለምኑት?

አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
ልክ ነሽ ልጄ። ግን እኔ ያለ ሦስት ፈራሚ አንድ ዶላር አላዋጣም፤ ሌላውም እንዳያዋጣ እናገራለሁ።

ከአትላንታ
እንግዲያው የመጀመሪያዋ ፈራሚ እኔ ነኝ። ሁለተኛው እርስዎ ይሁኑ፤ ዛሬውኑ ይደውሉልኝ።